የማካሆች ዓሣ ነባሪ፦ ኒያ ቤይ ላይ ስለተገደለችው እንስሳና ስላላባራው ክርክር

ሜይ 17 ቀን 1999፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) የአሜሪካ መሬት በሰሜን ምዕራብ በኩል አልቆ ውቅያኖሱ በሚጀምርበት በዋሽንግተን ስቴት ጫፍ፣ ስምንት ሰው የያዘች የእንጨት ታንኳ አንዲት ግራጫ ዓሣ ነባሪ አጠገብ ደረሰች። ፊት ላይ የቆመው ሰው ገመድ የታሰረበትን ረጅም ጦር ወረወረ። ተሰካ። ወዲያው ከጎን ስትከተል ከነበረች የሞተር ጀልባ ላይ ሌላ ሰው ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ትልቅ ጠመንጃ ተኮሰ፣ ደገመም። ጦሩ ከተሰካ 8 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንስሳዋ ሞተች። 9 ሜትር ገደማ የምትረዝም ወጣት ሴት ነበረች።

ይህን ሁሉ የሲያትል ሰው ቡናውን እየጠጣ በቴሌቪዥን በቀጥታ ሥርጭት አየው። ሄሊኮፕተሮች ከላይ ያንዣብቡ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ጩኸት ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልበረደም።

ሲያትል የብዙ ሐበሻ ከተማ ናት፤ ከዚያ የአዳኞቹ መንደር ኒያ ቤይ ለመድረስ በመኪና 4 ሰዓት ያህል ነው። ግን ይህ ጉዳይ በአማርኛ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ከሥር ከሥሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። አማርኛችን "ዓሣ" ይበላት እንጂ ዓሣ አይደለችም። በሳንባ ትተነፍሳለች፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ብዙዎቻችን በነነዌ ጾም ሰሞን፣ በዮናስ ታሪክ ነው የምናውቃት። ይህ ዝም ብሎ የቋንቋ ወሬ አይደለም። በዚያው ባሕር በየዓመቱ ስንት ሺህ ቶን ዓሣ ሲወጣ ሄሊኮፕተር የላከ ጣቢያ የለም። ሰው የተንጫጫው እንስሳዋ ደም ያላት፣ እናት የምትሆን፣ ዓይኗን አውጥታ የምታይ በመሆኗ ነው።

አዳኞቹ ማካህ ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ጎረቤቶቻቸው ሲሆኑ፣ ለእንግዳ ምግብ የማይሰስቱ እንደማለት ነው። ራሳቸውን የሚጠሩት ግን "በድንጋዩና በባሕር ወፎቹ ዘንድ የሚኖሩ ሰዎች" ብለው ነው። የሚኖሩባት ኒያ ቤይ ከ2 ሺህ የማይበልጥ ሰው ያላት ትንሽ መንደር ናት። ዓሣ ነባሪ ማደን ለእነሱ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። በ1970 መጀመሪያ ላይ ማዕበል ኦዜት የምትባለውን የድሮ መንደራቸውን ዳርቻ ሸረሸረውና፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የጭቃ ናዳ የዋጣቸው ቤቶች ብቅ አሉ። ጎሣው ከዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጡ ባለሙያዎችን ጠርቶ አስቆፈረ፤ ቁፋሮው 11 ዓመት ፈጀ። 55 ሺህ ያህል ዕቃ ወጣ። ቅርጫት፣ መንጠቆ፣ የጦር ጫፍ፣ ክምር የዓሣ ነባሪ አጥንት። ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ ከእንጨት የተጠረበ የዓሣ ነባሪ የጀርባ ክንፍ ነው፤ ከ700 በላይ የባሕር አቆስጣ ጥርስ አንድ በአንድ ተሰክቶበታል። ለጌጥ ብቻ ይህን ያህል የሚለፋ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የድሮው አደን ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። አዳኙ ወራት ሙሉ ይዘጋጃል፤ በሌሊት በቀዝቃዛ ባሕር ይታጠባል፣ ይጾማል፣ ይጸልያል። ሚስቱ እሱ ባሕር ላይ ሳለ ቤት ውስጥ ሳትንቀሳቀስ ትተኛለች፤ እሷ ከተገላበጠች ዓሣ ነባሪውም ይረበሻል ይባላል። የጦሩ ጫፍ የተሳለ ዛጎል ነው። ገመዱ ላይ ሲል ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ የተሠሩ በአየር የተነፉ ስልቻዎች ይታሰራሉ፣ እንስሳው ጠልቆ እንዳያመልጥ። ሲሞት ደግሞ አንድ ሰው በረዶ በሚመስለው ውሃ ውስጥ ዘሎ ገብቶ አፉን ይሰፋዋል። አለበለዚያ ውሃ ሞልቶት ይሰምጣል፣ ልፋቱም ገደል ገባ ማለት ነው።

አሁን ወደ ውሉ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1855 ማካሆች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተፈራረሙ። በመንግሥት በኩል የተቀመጠው የግዛቱ ገዥ አይዛክ ስቲቨንስ ነበር። ማካሆች 300 ሺህ ኤከር ያህል መሬት ለቀቁ፤ በሄክታር ሲሰላ ከ120 ሺህ በላይ ነው። በምላሹ የያዙት ባሕሩን ነው። ከአለቆቻቸው አንዱ "የምፈልገው ባሕሩን ነው፣ አገሬ እሱ ነው" እንዳለ በድርድሩ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፏል። ውሉ ዓሣ የማጥመድ፣ ዓሣ ነባሪና ሲል የማደን መብት በግልጽ ይሰጣቸዋል። አሜሪካ ከነባር ሕዝቦቿ ጋር ከተፈራረመቻቸው ውሎች ሁሉ ዓሣ ነባሪን በስም ጠርቶ የጻፈ ሌላ የለም።

ግን ምን ዋጋ አለው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በዚያው በ1850ዎቹ የአሜሪካ የንግድ መርከቦች ሜክሲኮ ውስጥ፣ ባሃ ካሊፎርኒያ ዳርቻ፣ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች የሚወልዱባቸውን ጸጥ ያሉ የባሕር ሰርጦች አገኙ። የሚፈልጉት ዘይቱን ነው። እናቶቹ ለግልገላቸው ሲሉ ጀልባ ስለሚሰባብሩ መርከበኞቹ "የሰይጣን ዓሣ" የሚል ስም አወጡላቸው። (ልጇን ስታስጥል ሰይጣን ተባለች። እንግዲህ ፍረዱ።) ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ እንስሳዋ ልትጠፋ ደረሰች። ማካሆችም በ1920ዎቹ ጦራቸውን ሰቀሉ። ማንም አልከለከላቸውም፤ የሚታደን ነገር አልነበረም። ዓለም አቀፍ ጥበቃ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

ጥበቃው ግን ሠራ። ቁጥራቸው አገገመና በ1994 ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች፣ ማለትም በአሜሪካ በኩል ያሉት፣ ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር ወጡ። ያኔ ከ20 ሺህ በላይ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ጎሣው ለመንግሥት "እንግዲህ ልንጀምር ነው" አለ። በ1997 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ሞናኮ ላይ ሲሰበሰብ አሜሪካና ሩሲያ ተባብረው አንድ ኮታ አወጡ። በሩሲያ ቹኮትካ ለሚኖሩ ነባር ሕዝቦች በአምስት ዓመት 600 ያህል ዓሣ ነባሪ፣ ለማካሆች ደግሞ በአምስት ዓመት 20። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የ1998ቱ መኸር ያለ ውጤት አለፈ። ከዚያ ያቺ የሜይ ሰኞ መጣች። እንስሳዋ ተጎትታ ኒያ ቤይ ስትደርስ መንደሩ ሁሉ ዳርቻ ላይ ወጥቶ ጠበቃት። ላባ ተነሰነሰባት፣ ተጸለየላት፣ ሽማግሌ ሕፃን ሳይል ጥሬ ጮማዋን ቀመሰ። ከ70 ዓመት በላይ ማንም ያልቀመሰው ነገር ነው። አንዳንዶቹ አለቀሱ።

ውጭ ያለው ሰው ደግሞ በሌላ ምክንያት አለቀሰ። የተቃዋሚ ጀልባዎቹማ ገና ከአደኑ በፊት ነው የመጡት፣ የዓሣ ነባሪ አደንን ባሕር ላይ ወጥቶ የሚጋፈጠው፣ ሲ ሼፐርድ የተባለው የፖል ዋትሰን ድርጅት ጭምር። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ ኃይል፣ ኮስት ጋርድ፣ በታንኳዋ ዙሪያ ማንም እንዳይጠጋ ክልል አበጀ። ከአደኑ በኋላ ነገሩ ከረረ። ለጎሣው ስልክ እየደወሉ የሚሳደቡና የሚዝቱ ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱ የቦምብ ዛቻ ደረሰው። ዓሣ ነባሪን ከሞት አትርፉ፣ ማካህን ግን በጦር ውጉ የሚል ይዘት ያለው ተለጣፊ በመኪና ላይ ታየ። የእንስሳ ርኅራኄ እንዲህ በቀላሉ ሰው ወደ መጥላት መሻገሩ፣ ከጉዳዩ ሁሉ ይህ ነው ለእኔ መራራው። ይሁን እንጂ "ማካህ ሁሉ በአንድ ድምፅ" የሚባለውም እውነት አይደለም። ከጎሣው ሽማግሌዎች መካከል አደኑን በአደባባይ የተቃወሙ ነበሩ፤ በጎረቤቶቻቸው ዘንድም ዋጋ አስከፍሏቸዋል።

እንግዲህ ክርክሩ ራሱ። ብዙ ሰው የሚነሳው ከቁጥር ነው፦ "ዝርያው ሊጠፋ ነው"። በ1999 ይህ ትክክል አልነበረም። ከ20 ሺህ በላይ ካሉት በዓመት አራት ወይም አምስት መግደል ዝርያውን አያናጋውም። ደግሞ ያቺን የሞናኮ ቁጥር አስታውሱ። በውቅያኖሱ ማዶ የቹኮትካ ሰዎች ከእነዚሁ ዓሣ ነባሪዎች በዓመት ከ100 በላይ ያድናሉ። ያኔም፣ ዛሬም። ሄሊኮፕተር የላከባቸው አለ? የለም። ሩቅ ነዋ። ስለዚህ ጩኸቱ የቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ አቅጣጫው ሌላ ይሆን ነበር።

ከቁጥር የሚጠነክረው ክርክር የአንዷ እንስሳ ነው። የዝርያው መብዛት ለዚህችኛዋ ምኗም አይደለም፤ ሕመሙ የእሷ ነው፣ የተቀማችው ዕድሜም የእሷ ነው ይላሉ። ግራጫ ዓሣ ነባሪ ብዙ አሥርት ዓመታት ትኖራለች፣ ግልገሏን ይዛ ከሜክሲኮ እስከ አላስካ በላይ ትጓዛለች። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ። 8 ደቂቃ ለሚያየው አጭር ነው፣ ለምትሞተው ግን ረጅም ነው። ሆኖም ይህን የሚል ሰው መንገዱን እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት፣ እስከ ሳህኑ ድረስ። በጠባብ በረት ታጉሮ አድጎ ከነጭራሹ ፀሐይ ሳያይ የሚሞተው አሳማ ከዚህች ነፃ ሆና ከኖረች እንስሳ በምን ያንሳል? ሥጋ የማይበላ ሰው ይህን ሲለኝ ዝም ብዬ እሰማለሁ። በርገሩን ይዞ የሚለኝን ግን ለመስማት ይከብደኛል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችንም አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። እዚህ አሜሪካ ለፋሲካ ገበሬ ጋ ሄደው በግ መርጠው የሚያርዱ ሐበሾች አሉ። ቆሞ የሚያይ ፈረንጅ ካለ ፊቱ ይለዋወጣል። ያው ሰው ማታ በፌስታል የታሸገ የበግ ሥጋ ይገዛል። እኛ ልጅ ሆነን በጉ ሲታረድ እግሩን ይዘን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሥጋ ከየት እንደሚመጣ የሚነግረን ሰው አላስፈለገንም። የማካሆቹን ዳርቻ በቪዲዮ ሳይ ደሙ አላስደነገጠኝም ብዬ አልዋሽም፣ አስደንግጦኛል። ግን ግቢያችንን አስታወሰኝ።

ሦስተኛው ክርክር "ባህላችን ነው ካሉ ለምን ጠመንጃ ያዙ? ለምን የሞተር ጀልባ? ሱፐርማርኬት የላቸውም ወይ?" የሚለው ነው። ከሁሉም ደካማው ይህ ነው። ጠመንጃው የገባው ባህሉን ለማቃለል አይደለም። እንስሳዋ ቶሎ እንድትሞት ነው፣ የእንስሳት ሐኪም አማክሮበት፣ መንግሥትም አስገድዶበት። በድሮው መንገድ በጦር ብቻ ቢያድኑ ኖሮ ሞቷ ሰዓታት ይወስድ ነበር፤ ያኔ ደግሞ "አረመኔዎች" ይባሉ ነበር። ሰው ባህሉን ሙዚየም ውስጥ አስቀምጦ ብቻ እንዲጠብቅ መጠየቅ እንዲህ ነው፦ እኛን ቡናውን በጋዝ ምድጃ ስለቆላችሁት የቡና ሥርዓታችሁ ቀረ እንደማለት። ምድጃው ቢቀየርስ? ጭሱን የሚያዞረው ሰው አለ፣ አቦል ቶና በረካውም አለ።

አንዱን ተቃውሞ ግን ቀላል አላደርገውም። "ባህላዊ ፍላጎት" የሚለው በር አንዴ ከተከፈተ ጃፓንም የባሕር ዳርቻ መንደሮቼ ባህል አላቸው ብላ ትገባበታለች የሚል ነው። ጃፓን በእርግጥም በ2019 ከኮሚሽኑ እስክትወጣ ድረስ በስብሰባዎቹ ላይ ለዳርቻ መንደሮቿ ኮታ ስትጠይቅ ኖራለች። መልስ አለው፦ ማካሆች ሥጋውን ለገበያ አያቀርቡም፣ በእጃቸው ደግሞ መሬት የከፈሉበት ውል አለ። ቢሆንም ስጋቱ ከንቱ አይደለም።

ከዚያ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ገባ፤ ጦሩ ቆመ፣ ወረቀቱ ተጀመረ። በ2000 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ጃክ ሜትካፍ የተባለ የኮንግረስ አባልና የእንስሳት ተከራካሪዎች ባቀረቡት ክስ፣ መንግሥት ጥፋተኛ ነው አለ። የአካባቢ ጥናቱን ያካሄደው ከጎሣው ጋር ከተፈራረመ በኋላ ነበር፤ መልሱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ጥያቄውን ማጥናት ማለት ነው። በ2002 ደግሞ ሌላ ውሳኔ መጣ፦ የ1972ቱ የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ማካሆችንም ይመለከታል፣ ውል ቢኖራቸውም በሕጉ መሠረት ልዩ ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። ዳኞቹ የተንጠለጠሉት ውሉ ውስጥ ባለች አንዲት ሐረግ ነው፦ መብቱ "ከአሜሪካ ዜጎች ሁሉ ጋር በጋራ" ነው ትላለች። ጎሣው በ2005 ማመልከቻውን አስገባ። ጠበቀ።

እየጠበቀ ሳለ ነገሩ ተበላሸ። ሴፕቴምበር 8 ቀን 2007 አምስት ማካሆች፣ የ1999ኙን አደን የመሩትም የነበሩበት፣ ያለ ማንም ፈቃድ ወጡ። አንዲት ዓሣ ነባሪ በጦር ወጉ፣ በጠመንጃ ደጋግመው ተኮሱ። ኮስት ጋርድ ደርሶ ያዛቸው። እንስሳዋ ግን አልሞተችም፤ ቆስላ እየተንሳፈፈች 10 ሰዓት ያህል ቆየችና ምሽት ላይ ሞታ ሰመጠች። አንድ ጉርሻ ሥጋ የቀመሰ የለም። የጎሣው ምክር ቤት ድርጊቱን በይፋ አወገዘ። ከአምስቱ ሁለቱ ታሰሩ። ለእኔ ይህ ከ1999ኙ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ትዕግሥት ማለቁ ይገባኛል። ግን ያ ሁሉ ጾምና ጸሎት ለእንስሳዋ ክብር ነው ያለ ሰው እንዲህ አድርጎ ጥሏት መግባት አልነበረበትም።

ሳይንሱም በዚህ መሃል ነገሩን አወሳሰበው። በበጋ ወደ አርክቲክ ሳይሄዱ እዚያው በዋሽንግተን፣ በኦሪገንና በካናዳ ዳርቻ የሚመገቡ ከ200 ብዙም የማይበልጡ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች አሉ። ተመራማሪዎች በጀርባቸው ነጠብጣብ አንድ በአንድ ይለዩዋቸዋል፤ በ2007 የሞተችውም መለያ ቁጥር ነበራት። ሌላው ራስ ምታት በሩሲያ ሳካሊን ደሴት አካባቢ የሚመገቡት ናቸው፤ እነሱ ከ300 በታች ናቸው፣ ሊጠፉም ተቃርበዋል። ማዶ ለማዶ ስለሆኑ አይገናኙም ይባል ነበር። ቫርቫራ የተባለች አንዲት ሴት በሳተላይት ምልክት ተከትለው ሲያዩዋት ግን ከሳካሊን ተነስታ ሜክሲኮ ደርሳ ተመለሰች፣ ከ22 ሺህ ኪሎሜትር በላይ። በማካሆች ደጃፍ አልፋ ማለት ነው። እንግዲህ ታንኳው ላይ የቆመው ሰው ጦሩን ሲያነሳ ከፊቱ ያለችው የቷ እንደሆነች በምን ያውቃል? ይህ በስሜት ላይ ያልቆመ ጥያቄ ነው። ለፈቃዱ መዘግየትም አንዱ ምክንያት ሆኗል።

ፈቃዱ የወጣው ጁን 13 ቀን 2024 ነው። ማመልከቻው ከገባ 19 ዓመት አልፎታል። በ10 ዓመት እስከ 25 ዓሣ ነባሪ፣ የአደኑ ወቅት ከዓመት ዓመት እየተቀያየረ። ለጥቂቶቹ የዳርቻ ዓሣ ነባሪዎችና ለሳካሊኖቹ ጥበቃ የሚሆን ገደብ ተደርጎበት። ከዚያም በላይ ወደ አደን ከመውጣታቸው በፊት ሌላ የአደን ፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል።

የዕድል ነገር ሆኖ ደግሞ ፈቃዱ የመጣው ዓሣ ነባሪዎቹ በሌላ ነገር እያለቁ ባሉበት ጊዜ ነው። በ2016 ወደ 27 ሺህ ደርሰው ነበር። ከ2019 ጀምሮ ከሜክሲኮ እስከ አላስካ ሬሳቸው ዳርቻ ላይ ይወድቅ ጀመር፤ ብዙዎቹ አጥንታቸው የወጣ ከሲታ ነበሩ። የሚበሉት በአርክቲክ ባሕር ወለል ያሉ ደቃቅ ፍጥረታትን ነው፤ በረዶው ሲሳሳ ያ መሶብም ተናጋ። በ2025 ቁጥራቸው ወደ 13 ሺህ ወርዶ ተቆጠረ፣ ከ1970ዎቹ ወዲህ ዝቅተኛው። በዚያ ምክንያት የተከሰሰ የለም፣ የሄሊኮፕተር ሥርጭትም አልነበረም። አሁን አንዳንድ ተቃዋሚዎች "ያኔ ብዙ ነበሩ፣ አሁን ግን አይሆንም" ይላሉ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ በነበሩ ጊዜም ግን አይሆንም ብለዋል።

የ1999ኟ ዓሣ ነባሪ አጥንት ኒያ ቤይ በሚገኘው የጎሣው ሙዚየም ተሰቅሏል። አጽድተው የገጣጠሙት የመንደሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ እነሱ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጆቻቸው የሚያውቁት እሷን ብቻ ነው፣ ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥላ።